መዝሙር መጻፍ ለመማር የትኛው መንገድ ይሻላል? ለጅማ ጀማሪዎች የንጽጽር መመሪያ

የመጀመሪያ መዝሙሬ በጉባኤ ፊት የተዘመረ ዕለት፣ ሰው ተሰናብቶ ሲወጣ አንዲት እናት እጄን ያዝ አድርገው «ልጄ፣ ዜማው ደስ ይላል፤ ግን እግዚአብሔር ምን አለ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው አልገባኝም። አዝማቹ «እግዚአብሔር አለ» የሚል ነበር፤ ሁሉ ቢያልፍም እርሱ ይኖራል ለማለት። እኔ ግን ዜማውን ያወጣሁት «አ» ላይ ለረጅም ጊዜ ተንጠልጥዬ «ለ» ላይ በቀስታ በማረፍ ነው። ጠብቆ መነገር የነበረበት «አለ» ላልቶ «ተናገረ» ሆነና ቁጭ አለ። እማማ አዝማቹ በተደገመ ቁጥር፣ እግዚአብሔር ያለውን ነገር እስክንነግራቸው በትዕግሥት ሲጠብቁ ኖረዋል።

መዝሙሩን ስንለማመድ ወራት ፈጅተናል። ግጥሙን ያየ፣ ዜማውን ያጠና፣ በኪቦርድ ያጀበ ሰው ሁሉ ነበረ። አንድም ሰው «ቆይ፣ ይህ ቃል ምን ማለት ሆነ?» አላለም። ስለዚህ ወጣቶች መጥተው «ጋሼ፣ መዝሙር መጻፍ የት ልማር?» ሲሉኝ መልሴ የሚነሣው ከዚያች ዕለት ነው። የቦታው ስም፣ የመሣሪያው ውድነት፣ የምስክር ወረቀቱ ማኅተም ሁሉ ሁለተኛ ነገር ነው። መጀመሪያ የምጠይቀው፣ በዚያ መንገድ ላይ ሁለተኛው ስንኝ ሳይደርስ የሚያስቆማችሁ ሰው አለ ወይ የሚለውን ነው።

ዘንድሮ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ሰዎች ጠየቁኝ። አንደኛው የጅማ በርጩማ የሚሠራ ወጣት ነው፤ እንጨት ሲልግ የሚያፏጨውን ዜማ በስልኩ ይቀዳል። ከአርባ በላይ ቅጂ አለው፤ ስንኝ ግን አንድም የለውም። ሁለተኛዋ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ሦስት ደብተር ሙሉ ግጥም አላት፤ አዚሚው ስትባል ግን ድምጿ ይጠፋል። ሁለቱም በልባቸው ያሰቡት አንድ ነገር ነበር፦ አዲስ አበባ ሄዶ ሙዚቃ መማር። ሁለቱንም «ትንሽ ቆዩ» አልኳቸው፤ ምክንያቱ ግን ለየቅል ነበር።

መዘምራን ውስጥ መግባት

ከሁሉ ቅርብና ርካሽ የሆነው መንገድ ይህ ነው፤ ከሰፈር ሳይወጡ ይጀመራል። እዚህ የሚገኘው ትልቁ ትምህርት ስለ ዜማ አወጣጥ ሳይሆን ሰው እንዴት እንደሚዘምር ነው። ደራሲ ብቻውን በክፍሉ ሲያዜም ድምፁ ወደፈለገበት ይወጣል። ጉባኤ ግን ሽማግሌም፣ ሕፃን የታቀፈች እናትም፣ ጉንፋን የያዘውም ነው። መዝሙሩ ከአንድ ኦክታቭ (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ) ብዙ ከራቀ ግማሹ ሰው አዝማቹ ላይ ዝም ይላል። ይህን በመጽሐፍ ያነበበ ይረሳዋል፤ ከመድረክ ሆኖ የተዘጉ አፎችን ያየ ግን አይረሳውም።

ደግሞም ክረምታችን አለ። በሐምሌና በነሐሴ የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ረጅምና የተወሳሰበ ስንኝ ሁሉ ይዋጣል። ከጣሪያው በታች የሚቀረው አጭርና ግልጽ አዝማች ብቻ ነው። እኔ አዲስ መዝሙር ስሰማ እስካሁን «ይህ ዝናቡን ያልፋል?» እላለሁ፤ መዘምራኑ ይስቁብኛል፣ እኔ ግን መለኪያውን አልተውኩትም።

የዚህ መንገድ ጉዳት መመሳሰል ነው። በየሳምንቱ የሚዘመረውን እየዘመረ የኖረ ሰው ብዕር ሲያነሣ የሚመጣለት የለመደው ሐረግ ነው፤ «ታላቅ ነህ»፣ «ድንቅ ነህ»፣ «ማን እንደ አንተ»። ሐረጎቹ ሐሰት አይደሉም፤ ግን የማንም ስለሆኑ የእናንተ አይደሉም። ሌላው ጉዳት ይሉኝታ ነው። ወንድም እህት ተባብለን በምንኖርበት ቡድን ውስጥ «ይህ ስንኝ ደካማ ነው» ማለት እንደ ቅናት ይቆጠራል፤ የእኔን «አለ» ማንም ያላረመው ለዚህ ይመስለኛል። ስለዚህ መዘምራን ውስጥ የምትገቡ ከሆነ፣ ከቡድኑ ውስጥ ፊታችሁን ሳያይ የሚናገር አንድ ሰው ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ያ ሰው መዘምር ሳይሆን ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ አድማጭ ነው።

አስተማሪ መቅጠር ወይም ትምህርት ቤት መግባት

አዲስ አበባ ውስጥ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና የመካነ ኢየሱስ የጃዝ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ስማቸው ቀድሞ ይነሣል። ሁለቱም ዘንድ ዋናው ነገር መሣሪያ፣ የሙዚቃ ንባብና ንድፈ ሐሳብ ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ ቤት ተከራይቶ የሚማር ሰው የሚማረው ሙዚቀኛነትን እንጂ የአማርኛ ስንኝ ማስተካከልን አይደለም። ተማሪዋ ያስፈለጋት ዜማ ስለነበረ «አስቢበት» አልኳት፤ ግን ዲግሪዋን አቋርጣ አይደለም። ሳምንት በሳምንት ቤቱ የሚያስተምር የኪቦርድ ወይም የክራር ተጫዋች እዚሁ ከተማ ይገኛል። ስድስት ወር እርሱ ዘንድ ተምራ የራሷን ግጥም ማዜም ካልቻለች አዲስ አበባም አያድናትም።

በርጩማ ሠሪው ግን የተለየ ነው። ዜማ ሞልቶት የሚፈስ ሰው ነው። እርሱን ሙዚቃ ትምህርት ቤት መላክ የጠገበን ሰው ምሳ መጋበዝ ነው። የጎደለው ቃል ነው፤ ቃል ደግሞ ኪቦርድ ላይ አይገኝም።

በስልክ መማር

ስልክ ለመቅጃነት ወደር የለውም፤ ሌሊት የመጣ ዜማ ጠዋት ይጠፋልና። ለአስተማሪነት ግን ጥርጣሬ አለኝ። በዩቲዩብ የሚገኘው አብዛኛው የመዝሙር አጻጻፍ ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው፤ ምክሩም የተሰፋው በእንግሊዝኛ ልክ ነው። እንግሊዝኛ በቃሉ ውስጥ አንዱን ክፍል ጫን ብሎ ሌላውን የሚያሳልፍ ቋንቋ ስለሆነ አስተማሪው «ጠንካራውን ምት ከጠንካራው የቃል ክፍል ጋር ግጠሙ» ይላል። በአማርኛ ትርጉም የሚያዛባው ከዚህ ይልቅ መጥበቅና መላላት ነው፤ ስለዚህ ጉዳይ ደግሞ ያ አስተማሪ ሰምቶም አያውቅ።

የውጭ መዝሙር ዜማ ወስዶ በአማርኛ መሙላትም ከዚሁ የሚመጣ ፈተና ነው። አማርኛ አድራጊውንም ተደራጊውንም አሉታውንም በአንድ ግሥ ያጭቃል። «አልተውህም» አንድ ቃል ነው፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገርም ነው። ለአጫጭር ቃላት በተሰፋ ዜማ ውስጥ እንዲህ ያለ ቃል ሲገባ አንድም ይጣደፋል፣ አንድም ከወገቡ ይቆረጣል። በዚህ መንገድ የተጻፉ መዝሙሮች ሲዘመሩ ዘማሪው የሚተነፍስበት ቦታ ሲያጣ ትሰማላችሁ።

በሰንበት ትምህርት ቤትና በአብነት በኩል

የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አማኝ ለሆነ ሰው ምርጫው ራሱ ሌላ ነው፤ እኔ በወንጌላውያን ቤት ያደግሁ ስለሆንኩ የምናገረው ከጎረቤት ያየሁትን ነው። እዚያ መዝሙር ከባዶ አይነሣም። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የቅዱስ ያሬድ ዜማ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉ ሦስት መንገዶች አሉት፤ አዲስ የአማርኛ መዝሙርም ከዚያ ቤት የወጣ እንዲመስል ይጠበቅበታል። ማጀቢያውም ከበሮ፣ በገና፣ መሰንቆ፣ ክራርና ዋሽንት ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ክፍል ውስጥ ደግሞ ግጥሙን ለትምህርተ ሃይማኖቱም ለዜማውም የሚመረምር ሰው ይኖራል። በእውነት ለመናገር በዚህ ነገር እቀናለሁ። እኛ ዘንድ የሚፈራውን እርማት እነርሱ ሥርዓት አድርገውታል።

ቅኔ ቤት መግባት ከዚህ የጠለቀ ነው፤ በግዕዝ ነው፣ ዓመታትም ይወስዳል። ተማሪው የሚጀምረው ሁለት ቤት (መስመር) ብቻ ካላት፣ ጉባኤ ቃና ከምትባለው አጭር ቅኔ ነው። መዝሙር ለመጻፍ ብላችሁ ቅኔ ቤት ግቡ አልላችሁም፤ ከዚያ የምትበደሩት ግን አለ። ለወራት ሁለት መስመር ብቻ መጻፍ፣ ሦስተኛውን ለመጨመር አለመቸኮል። የእኛ ጀማሪዎች አምስት አንጓ ይዘው ይመጣሉ፤ አንዷ ስንኝ ግን ያልተቀቀለች ናት።

ግጥም ይቅደም ወይስ ዜማ?

እኔ ለአማርኛ ግጥም ይቅደም ከሚሉት ነኝ፤ ከዚያች የ«አለ» ዕለት ጀምሮ። ፊደላችን ጥብቀትን አያሳይም። «ይመታል» ብላችሁ ስትጽፉ ሰውየው መቺ ይሁን ተመቺ ወረቀቱ አይናገርም፤ የሚናገረው አፍ ነው። የሚጠብቅ ፊደል ከፊቱ ያለው ድምፅ አጭር እንዲሆንለት ይፈልጋል፤ ዜማው ያንን ድምፅ ከጎተተው ጥብቀቱ ይሟሟል። ዜማ ከቀደመ ቃሉን ለዜማው ስትሉ ታላላላችሁ፤ ግጥም ከቀደመ ግን ዜማው ለቃሉ ይታዘዛል። ለተማሪዋ የሰጠኋት የመጀመሪያ ሥራ በሚጠብቁ ፊደሎች ሁሉ ላይ በእርሳስ ነጥብ ማድረግ ነበር። ደብተሯ ፈንጣጣ የወጣበት መሰለ፤ ያን ቀን ግን ስለ ቋንቋዋ ከአንድ ዓመት በላይ ተማረች።

ሁለተኛው ምክንያት ቤት መምታት ነው። በአማርኛ ቤት መምታት እጅግ ርካሽ ነው፤ ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ «ሰጠኸኝ»፣ «አዳንከኝ»፣ «አነሣኸኝ» እያሉ ሙሉ ቀን መቀጠል ይቻላል። ቅጥያ ከቅጥያ ጋር መግጠሙ ቤት መታ አያሰኝም። ጆሮ የሚነቃው ግሥ ከስም ወይም ካልተጠበቀ ቃል ጋር ሲገጥም ነው።

የተማሪዋን ደብተር ስንከፍት የመጀመሪያው ገጽ «ታላቅ ነህ ጌታዬ፣ ድንቅ ነህ ጌታዬ» ይል ነበር። «ይህን በራስሽ ዓይን ያየሽው መቼ ነው?» አልኳት። ዝም አለች። ቤተሰቧ ማና ወረዳ ውስጥ ቡና አላቸው። ዕንባቆም ምዕራፍ 3 ቁጥር 17ን አወጣንና አነበብን፤ ነቢዩ በለስ ባታፈራ፣ ወይን ባይኖር፣ የወይራ ሥራ ቢጎድል ይላል። «እናንተ ቤት በለሱ ምንድን ነው?» ስላት ሳቀች። በሚቀጥለው ሳምንት ይህን ይዛ መጣች፦

ቡናው ሳይቀላ፣ ጆንያው ሳይሞላ፣
ምስጋናዬ ግን፣ አይቆይ ለኋላ።

ሰንጎ መገን የሚባለው ምጣኔ ነው፤ በየሐረጉ አምስት ቀለም (በአንድ ትንፋሽ የሚነገር የቃል ክፍል)፣ አምስት በአምስት። ቀለም የሚቆጠረው በጆሮ እንጂ በፊደል አይደለም። «ጆንያው» በወረቀት አራት ፊደል ነው፤ ሲነገር ግን «ጆን-ያው»፣ ሁለት ነው። «ቡናው» እንዲሁ «ቡ-ናው»። መጀመሪያ ያመጣችው «አይቆይም ለኋላ» የሚል ነበር፤ ስድስት ይሆናል፣ ደግሞም ዜና ይመስላል። «ም» ስትወጣ ልኩም መጣ፣ ወሬው ወደ ልመና ተለወጠ። አንዲት ፊደል ናት።

ዜማ ይቅደም የሚሉት ሰዎች መከራከሪያ አላቸው፤ አልክድም። ዜማ መጀመሪያ ሲመጣ መዝሙሩ ሕይወት ይኖረዋል፤ በቀለም ቆጠራ የተጀመረ ግጥም ግን የደረቀ ሊሆን ይችላል። በርጩማ ሠሪውን ተው አላልኩትም። ዜማህን ይዘህ ና፣ ቃሉ ሲገባ ግን ዜማህ እንዲጎነበስ ፍቀድ ነው ያልኩት። የለገውን እንጨት መልሶ መላግ የማይሰለቸው ሰው ስለሆነ ቶሎ ገባው።

ክራር፣ ጊታር ወይስ ኪቦርድ?

ኪቦርድ ቶሎ ያለማምዳል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ቶሎ ይለያችኋል። ጊታር መብራት አይፈልግም፣ ለመሸከምም ይቀላል። ለመጻፊያነት ግን እኔ ክራርን አስቀድማለሁ፤ ምክንያቱ ናፍቆት አይደለም። ክራር በአንድ ጊዜ በአንድ ቅኝት፣ ማለትም በአንድ የድምፆች ስብስብ፣ ብቻ ይቃኛል። ትዝታ ላይ ካስተካከላችሁት ከትዝታ ማምለጫ የላችሁም፤ ባቲ፣ አምባሰል ወይም አንቺሆዬ ከፈለጋችሁ ክሩን እንደገና ማጥበቅና ማላላት ግድ ነው። ለጀማሪ ይህ እስር ቤት ሳይሆን አጥር ነው።

ኪቦርድ ላይ የሚሆነውን ልንገራችሁ። «ሙሉ ትዝታ» የሚባለውን ቅኝት ከዶ ብትጀምሩት ያሉት አምስት ድምፆች ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶልና ላ ናቸው፤ ፋና ሲ የሉበትም። አጃቢው የለመዳቸውን ሦስት ኮርዶች (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ሲያስገባ የፋ ኮርድ ፋን፣ የሶል ኮርድ ሲን ይዘው ይገባሉ። ዜማችሁ ትዝታ ሆኖ ሳለ ማጀቢያው ሌላ አገር ይሆናል። ሰው «የሆነ ነገር ጎደለ» ይላል፤ የጎደለ ነገር ግን የለም፣ የተጨመረ ነው እንጂ። ይህን አውቆ የሚያደርግ ባለሙያ አለ፣ ያምርለታልም። ሳያውቀው የሚያደርገው ነው የሚያሳስበኝ።

በአማርኛ ወይስ በአፋን ኦሮሞ?

ጅማ ላይ ይህ ጥያቄ የማይቀር ነው። በአንዱ ቋንቋ ጽፎ በሌላው ማስተርጎም የሚቀል ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ብዙ ጊዜ የተጣበቀ ጨርቅ ነው። አፋን ኦሮሞ ጥብቀት ብቻ ሳይሆን የአናባቢ ርዝመትም ትርጉም ይለውጥበታል፤ አጭር ሲሆን መሬት የነበረው «ለፈ»፣ ሲረዝም «ላፋ» ብሎ ለስላሳ ይሆናል። ለአማርኛ ቃል የተሰፋ ዜማ ይህን ርዝመት አያውቅም፤ ያለቦታው ይጎትተዋል። በእ.ኤ.አ. 1899 የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ሲያዘጋጁ ቃል በቃል ከመገልበጥ ይልቅ ሕዝቡ የሚናገረውን ቋንቋ ነው ያደመጡት። ለመዝሙርም ያው ነው። በየትኛው ቋንቋ እንደምትጸልዩ ታውቃላችሁ፤ ብቻችሁን ስትደነግጡ የሚያመልጣችሁ ቋንቋ እርሱ ነው። በዚያ ጻፉ። በሌላው ቋንቋ መዝሙር ካስፈለገ ለዚያ ቋንቋ ልጅ አሳቡን ስጡት፣ ዜማውን ግን እርሱ ያውጣው።

ለብቻ ወይስ ለሁለት?

ሁለቱን ሰዎች ያገናኘኋቸው እኔ ነኝ፤ ቃል ያላትንና ዜማ ያለውን። ለብቻ መጻፍ ፍጥነት አለው፣ ጭቅጭቅ የለውም። ለሁለት ሲሆን ግን አራሚው በራሱ ይመጣል፤ እርሷ ቃሏ እንዲላላ አትፈቅድም፣ እርሱም ዜማው እንዲጨናነቅ። የመጀመሪያው ወር በኩርፊያ አለፈ። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ መዝሙሩ ወደ ቅጂ የሚሄድ ከሆነ ግጥሙ የማን፣ ዜማው የማን እንደሆነ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተስማሙ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥራ አመንጪው ዕድሜውን ሙሉና ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት የኢኮኖሚ መብት ይሰጣል። በፍቅር የተጻፈ መዝሙር ካሴትና ሲዲ ላይ ሲደርስ ወንድማማችነትን ሲያፈርስ አይቻለሁ፤ ለመናገር የምፈልገው ይህን ያህል ብቻ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ሁለቱ ለልደት በዓል የጻፉትን ይዘው መጡ። የሁለተኛው አንጓ የመጨረሻ ስንኝ «ገና ነው» ብሎ ያርፋል። ላልቶ ሲዘመር ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲዘመር በዓሉ ነው። ተማሪዋ ሁለቱም ትርጉም እንዲሰማ ትፈልጋለች፤ «ሰምና ወርቅ ነው እኮ፣ ጋሼ» አለችኝ። እርሱ ደግሞ «አንድ ዜማ የሚሸከመው አንዱን ብቻ ነው» ብሎ የተቀመጠበትን በርጩማ በጣቱ እየመታ አንዴ አላልቶ፣ አንዴ አጥብቆ አዜመልን። ስንኙ መጀመሪያ ሲዘመር አንዱን፣ ሲደገም ሌላውን ማድረግ ይቻል ይሆን ብለን ብንሞክርም አልተስማማንም። ለመጪው ሐሙስ እማማን ቡና ጠርቻቸዋለሁ፤ ምን እንደሰሙ ይነግሩናል።